አዳራሽ ፍለጋ፦ ከፔትሮሚን እስከ መካ

ከጅዳ ወደብ ወደ ደቡብ ሲወርዱ መንገዱን ከባድ መኪኖች ይይዙታል። ግራና ቀኙ የዘይት ጋን፣ የጋራዥ መደዳ፣ የጎማ ክምር ነው። ፔትሮሚን የሚባለው ሠፈር በዚህ በኩል ይገኛል። ስሙን ያገኘው የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1962 ካቋቋመው የነዳጅና የማዕድን ድርጅት ሲሆን፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው የጅዳ ማጣሪያም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲሠራ ኖሮ በ2017 ተዘግቷል። በማጣሪያው፣ በወደቡና በኢንዱስትሪ መንደሩ ዙሪያ ሥራ ፈላጊ ከየአገሩ ተሰበሰበ። የመናዊው፣ ሱዳናዊው፣ ቻዳዊው፣ ፓኪስታናዊው፣ ኢትዮጵያዊውም በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ጎረቤት ሆነው ኖረዋል።

በደቡብ ጅዳ ሠፈሮች ሐሙስ ማታ ከሌላው ምሽት ሁሉ ይለያል። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2013 የሳምንቱን ዕረፍት ወደ ዓርብና ቅዳሜ ካዞረች ወዲህ፣ ከግንባታ ቦታ የተመለሰው፣ ከጋራዥ የወጣው፣ ከአሠሪዎቿ ፈቃድ ያገኘችው የቤት ሠራተኛ በዚህ ምሽት ዘመድ ይፈልጋሉ። የወሎው ልጅ ከወሎዬ፣ የጅማው ከጅማ፣ የራያው ከራያ ጋር በአንድ ክፍል ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል፤ ከአገር ቤት የተላከ የሠርግ ቪዲዮ በስልክ ይታያል፤ ሌላው ክፍል ውስጥ መንዙማ ይከፈታል። ሠርግ ሲደርስ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ኢስትራሃ የሚባል የመዝናኛ ግቢ ተከራይቶ እስኪነጋ ይጨፈራል።

ይህ ማስታወሻ ከዚህ ደቡባዊ ጫፍ ተነሥቶ በአሮጌው ከተማ አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ መካ ይገባል። የሚፈልገው ነገር አንድ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦካ የዋለ ሰው በራሱ ቋንቋ ጥሩ ሙዚቃ የሚሰማበት፣ ስለ ሰማዩና ስለ ባሕሩም ዐዋቂ ቀርቦ የሚያስረዳበት ደጃፍ የት አለ?

መነሻው ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2021 መገባደጃ ጀምሮ የጅዳ ማዘጋጃ ቤት ካለ ዕቅድ ተሠርተዋል ያላቸውን ከ60 በላይ ሠፈሮች ማፍረስ ሲጀምር ፔትሮሚን፣ ጉሌልና ሌሎች የደቡብ ሠፈሮች ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። በግድግዳ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይጻፋል፤ መብራት ይቆረጣል፤ ከዚያ ግሬደሩ ይመጣል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት ፈረሳው ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ነዋሪዎችን ነክቷል። የውጭ ዜጎች ከተነሺዎቹ ግማሽ ያህሉን ቢይዙም ከካሣው ውጪ ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑም እንደ ሌላው ሁሉ ተበተኑ፤ ገሚሱ ወደ ሌላ የከተማው ሠፈር፣ ገሚሱ ወደ መካ መንገድ፣ ገሚሱ ወደ አገሩ። ሰው ሲበተን አብሮ የሚጠፋው የመገናኛ ቦታው ነው። ሐሙስ ማታ የት እንደሚገናኝ ሁሉም የሚያውቅበት ሠፈር ከሌለ፣ ዘፋኙም አስተማሪውም ሰሚውን አያገኘውም።

ከፔትሮሚን ወደ ሰሜን ሲመጡ ባላድ ይደርሳሉ። አሮጌው ጅዳ ይህ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቤቶቹ ከቀይ ባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ የተገነቡ ናቸው፤ ሮሻን የሚባሉት የእንጨት መስኮቶቻቸው ከፎቅ ፎቅ ተደራርበው ወደ ጎዳናው ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የናሲፍ ቤት እ.ኤ.አ. በ1881 ያለቀ ሲሆን፣ ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1925 ጅዳን ሲይዙ ያረፉበት ነው። ኸሊፋ ዑስማን በ647 ጅዳን የመካ ወደብ ካደረጉ ጀምሮ የሐጃጅ መርከብ እዚህ ይደርስ ነበር። ከምጽዋና ከታጁራ በኩል የመጣ ኢትዮጵያዊ ሐጃጅም የመጀመሪያውን እርምጃ ያደረገው በዚህ ዳርቻ ላይ ነው።

ዛሬ ባላድ መድረክ ሆኗል። የቀይ ባሕር ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የተጀመረው በእነዚህ ቤቶች መሐል ነው። የዚህን ለውጥ ፍጥነት ለመረዳት ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ ማየት ይበቃል። በሳዑዲ ከ35 ዓመት በላይ የሕዝብ ሲኒማ ቤት አልነበረም፤ የተከፈተው በ2018 ነው። የመዝናኛ ባለሥልጣኑ የተቋቋመው በ2016 ሲሆን፣ ዝነኛው ዘፋኝ ሙሐመድ ዐብዶ ለዓመታት ከቆየ ዝምታ በኋላ በጅዳ ለሕዝብ የዘፈነው በ2017 መጀመሪያ ነበር። በታኅሣሥ 2021 ይፋ የሆነው የጅዳ ማዕከላዊ ፕሮጀክት 75 ቢሊዮን ሪያል ተመድቦለት የኦፔራ ቤት፣ ሙዚየም፣ ስታዲየምና የባሕር እንስሳት ማሳያ በኮርኒሹ ላይ ሊያቆም ታቅዷል። ለሰሚው ትልቅ ዜና ነው። ይህን ከተማ በጉልበታቸው ከሚሠሩት መካከል ግን ለኮንሰርት ትኬት የሚተርፍ ደመወዝ ያለው፣ ዓረብኛውን ወይም እንግሊዝኛውን የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ሰሜን ሙሐመዲያ ሠፈር ሲደርሱ ሐይ ጀሚል አለ። አርት ጀሚል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የከፈተው የጥበብ ግቢ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የሥዕል አዳራሽ፣ የሠዓሊዎች መሥሪያ፣ ሲኒማ፣ የቀልድ መድረክና የሥልጠና ክፍሎች ተሰብስበዋል፤ መሐሉ ላይ ሰው የሚቀመጥበት አደባባይ አለ። የፊልም ውይይት፣ የሙዚቃ ምሽት፣ የልጆች አውደ ጥናት ይካሄድበታል። ከዚህ ግቢ የሚወሰደው ትምህርት ቀላልና ጠቃሚ ነው፦ ሙዚቃውንና ንግግሩን በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ። ለዘፈን የመጣ ሰው ንግግሩን ሰምቶ ይሄዳል፤ ለንግግር የመጣውም እስከ ዘፈኑ ይቆያል። ችግሩ ርቀቱ ነው። ሙሐመዲያ በከተማው ሰሜን፣ ፔትሮሚን በደቡብ ነው፤ በመሐላቸው የታክሲ ሒሳብና የቋንቋ ግንብ አለ።

የሙዚቃው ዝምድና ግን ከዚህ ግንብ በፊት የነበረ ነው። በሒጃዝ ዳርቻ፣ በተለይም በያንቡዕ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ፣ ሲምሲሚያ የሚባል ባለ ክር መሣሪያ አለ። ሁለት ቋሚ እጆች፣ አንድ አግዳሚ፣ ከታች የድምፅ ሳጥን፤ ክራር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ገና ሲያየው ይለየዋል። ግብጽና ሳዑዲ ዓረቢያ በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ሚዝማር የተባለው የሒጃዝ የዱላ ጭፈራም በ2016 ተመዝግቧል፤ ወንዶች ሁለት ረድፍ ሠርተው ከበሮ እየተመታ በየተራ ወደ መሐል ይገባሉ። የወሎ ሀድራ የለመደ ጆሮ የድቤውን ምት፣ የጭብጨባውን ልክ በቀላሉ ይይዛል። ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር በአማርኛ የጻፏቸው መንዙማዎች በዓረብኛ ፊደል የተቀመጡ ናቸው፤ ባሕሩን የተሻገረው ነጋዴና ሐጃጅ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ክራሩ በራሱ የሳይንስ መግቢያ ሊሆን ይችላል። አንድ ክር በእኩሌታው ሲያጥር በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ ጆሮም ያንኑ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማዋል። ክሩ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፤ ክሩ ሲወፍር ድምፁ ይጎረንናል። አንድ የፊዚክስ መምህርና አንድ ክራር ደርዳሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይህን በግማሽ ሰዓት ማሳየት ይችላሉ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ባሕር የተሻገረ ወጣት ይህን ሲያይ የተወው ነገር እንዳልራቀው ያውቃል።

ከጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ቱዋል የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ካውስት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 የተከፈተው በእርሷ አጠገብ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ጥር በመጣ ቁጥር የክረምት ማበልጸጊያ ፕሮግራም የሚለው ዝግጅት አለው፤ በእነዚያ ሳምንታት የኖቤል ተሸላሚዎች ሳይቀሩ ንግግር ያደርጋሉ፣ ኮንሰርት ይቀርባል፣ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። በዚህ ዝግጅት ሳይንቲስትና ሙዚቀኛ በአንድ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ይገናኛሉ። ግቢው አጥር አለው፤ መግቢያው መታወቂያ ይጠይቃል። ሐሳቡ ግን አጥር የለውም፤ ማንም ሊወስደው ይችላል።

የካውስት ተመራማሪዎች በብዛት የሚያጠኑት ቀይ ባሕርን ነው። ይህ ባሕር የኢትዮጵያውያኑም ታሪክ ነው። የዓረብ ምድር ከአፍሪካ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ባሕሩም በዚሁ ምክንያት ይሰፋል። ባሕሩ የተኛበት ስንጥቅ ቅጥያ አፋር ውስጥ በየብስ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በደባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ደረሰ። አራት ዓመት ቆይቶ ከጅዳ ሰሜን ሐራት ሉነይር በተባለው የእሳተ ገሞራ ሜዳ መሬቱ ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ የሳዑዲ መንግሥት ከ30 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ አስወጣ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲበረታ ብዙ ሺህ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪ ተፈናቀለ። በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል በጀልባ ባብ ኤል መንደብን ተሻግሮ የመጣ የወሎ ልጅ ያለፈው ይህንኑ ስንጥቅ ነው። ቤተሰቡ አዋሽ ወይም ሰመራ ላይ ሲንቀጠቀጥ እርሱ ጅዳ ላይ ሆኖ የሚሰማው የፍርሃት ወሬ ብቻ ነው። ምክንያቱን በአማርኛ፣ በአፋርኛ ወይም በኦሮምኛ አስረድቶ የሚያረጋጋው ሰው ይገባዋል።

ሙዚቃንና ንግግርን ማጣመር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ሲቋቋም ዓላማው ጣልያን ሊወርር ሲዘጋጅ ሕዝቡን በንግግር መቀስቀስ ነበር። ሰው እንዲበዛ ዘፈንና ግጥም ተጨመሩ። ያ ስብሰባ ውሎ አድሮ ቴአትር ቤት ሆነ፤ ብዙ ታላላቅ ድምፃውያንም ከዚያ ወጡ። በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ለዓመታት በየወሩ ሲካሄድ የኖረው ግጥምን በጃዝ የተባለ ዝግጅትም በአንድ ምሽት ግጥም፣ ጃዝ፣ ወግና ዲስኩር ያቀርብ ነበር። ወጣቱ ለግጥሙ ተሰልፎ ገብቶ የምሁሩን ዲስኩር ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። በካዛንቺስ መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ የሙዚቃ፣ የሥዕልና የግጥም ማዕከል ለመሆን በቅቷል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ያ ቤት ከነግድግዳው ሄደ። ፔትሮሚንን የሚያውቅ ሰው ይህን ዜና ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የፈንድቃ ሙዚቃ ግን አልቆመም፤ ምክንያቱም ከቤቱ በፊት ልምዱ ተገንብቶ ነበር።

በሳይንሱም በኩል መሠረት አለ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት አባላቱ ጥቂት ነበሩ፤ ብዙ ሰውም ለምን እንደሚደክሙ አልገባውም ነበር። ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ጠፈር ተወነጨፈች። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 እሑድ ጠዋት ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ ላይ አለፈ። ነዋሪዎቹና የሥነ ፈለክ ባለሙያዎቹ ቆመው ወደ ላይ አዩ። የኮቪድ ወረርሽኝ ባይኖር ኖሮ የሚመጣው እንግዳ እጅግ በበዛ ነበር።

ከጅዳ ወደ መካ ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሐረመይን ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጉዞው ከአንድ ሰዓት በታች ሆኗል። በአውራ ጎዳናው ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ መካ አይገባምና በሌላው በኩል ይታጠፋል። ከፔትሮሚን አብረው ከተነሡ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወዳጆች አንዱ ለዑምራ ሲቀጥል ሌላው እዚህ ላይ ሊለየው ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ ይህ መንገድ ከባዕድ አገር መንገድ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መርከብ የተሳፈሩት ከጅዳ በስተደቡብ ከምትገኘው ከሹዐይባ ወደብ ነው፤ ያረፉትም በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ጥላ ሥር ነበር። የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላል መካ ላይ የተወለዱት ከሐበሻዊት እናት ነው። ስደተኛ በዚያን ጊዜ ከዚህ ወደዚያ ይሄድ ነበር።

መካ ሲገቡ ከሩቅ የሚታየው 601 ሜትር የሚረዝመው የሰዓት ማማ ነው። በላይኞቹ ፎቆቹ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ ሙዚየም አለ፤ ስለ ጠፈር፣ ስለ ፀሐይና ጨረቃ፣ ሰው ጊዜን እንዴት መለካት እንደጀመረ ያሳያል። በጀበል ኑር ተራራ ሥር የተከፈተው የሒራ የባህል መንደርም በኤግዚቢሽን የሐጃጁን ጉዞ በትምህርት ያጅባል። ሶላትን፣ ጾምንና ሐጅን በፀሐይና በጨረቃ የሚቆጥር እምነት ባለበት ከተማ ሥነ ፈለክ የቤት ዕውቀት ነው፤ አል ቢሩኒን የመሰሉ ሊቃውንት ቂብላን፣ ማለትም የሶላትን አቅጣጫ፣ በሒሳብ ለማግኘት የደከሙትም ለዚህ ነው።

የዚህን ዕውቀት ጣፋጭነት ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት 20 እና ሐምሌ 9 አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ መካ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ዱላ ጥላ የለውም። በግንቦቱ ቀን ሰዓቱ 6 ከ18 ደቂቃ፣ በሐምሌው 6 ከ27 ደቂቃ ነው። ሳዑዲና ኢትዮጵያ አንድ የሰዓት ቀጠና ስለሚጋሩ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ያለ ሰው በዚያው ደቂቃ ፊቱን ወደ ፀሐይ ቢያዞር ወደ መካ ዞሯል ማለት ነው። ይህ ለመስጊድ ግቢም፣ ለትምህርት ቤት ግቢም ዝግጁ የሆነ የሳይንስ ትምህርት ነው። ያለው ወጪ አንድ ዱላና አንድ የሚያስረዳ ሰው ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው መጪ ቀን ግን ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2027። በዚያ ቀን የጨረቃ ጥላ በደቡብ ስፔንና በሰሜን አፍሪካ አልፎ ግብጽን ይሻገራል፤ ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳንና መካን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጅዳ ለ6 ደቂቃ ያህል፣ መካ ለ5 ደቂቃ ያህል ትጨልማለች። በግብጽ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው 6 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይደርሳል፤ ከዚህ የሚረዝም ሙሉ ግርዶሽ እስከ እ.ኤ.አ. 2114 አይታይም። በኢትዮጵያ ግርዶሹ በከፊል ይታያል። ሙሉውን ለማየት ስንት ሰው ከዓለም ዙሪያ ትኬት ሲቆርጥ፣ በጅዳና በመካ ያሉ የፔትሮሚን ልጆች ግን ባሉበት ያገኙታል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የሳዑዲ ሕግ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በጠራራ ፀሐይ ሥር ማሠራትን ይከለክላል። ግርዶሹ የሚውለው በዚሁ ሰዓት ውስጥ ነው። የግንባታ ሠራተኛው በዚያ ደቂቃ ሥራ አቁሞ ጥላ ሥር ይሆናል። ቀና ብሎ ያያል። ካላወቀ ደግሞ በባዶ ዓይኑ ያያል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ በጨረቃ ሙሉ በሙሉ ከመሸፈኗ በፊትና ሽፋኑ ከተገለጠ በኋላ በባዶ ዓይን ማየት የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል፤ ሕመም ስለሌለው ሰውየው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ተራ የፀሐይ መነጽር አይከላከልም፤ አይኤስኦ 12312-2 የሚል ደረጃ ያለው የግርዶሽ መነጽር ያስፈልጋል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች ብቻ በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ነጭ ጸዳል ይወጣል፣ ብሩህ ኮከቦችም በቀን ይታያሉ። መነጽር ያላገኘ ሰው በካርቶን ላይ ቀዳዳ በመርፌ ከፍቶ የፀሐይን ምስል መሬት ላይ አውርዶ ማየት ይችላል። ይህን ሁሉ አንድ መምህር በሃያ ደቂቃ ያስረዳል።

ከሃይማኖቱም በኩል የሚቃረን ነገር የለም። የነቢዩ ልጅ ኢብራሂም መዲና ላይ ባረፈ ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ632 መጀመሪያ፣ ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች ለሕፃኑ ሞት ነው አሉ፤ ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ልደት አይጋረዱም ብለው አስተማሩ፤ ሶላትም አሰገዱ። እስከ ዛሬ የግርዶሽ ሶላት አለ። በግርዶሹ ቀን የመካው ታላቅ መስጊድ ኢማም ሶላቱን ሲያሰግድ፣ ጅዳ ላይ ያለ ክርስቲያን ኢትዮጵያዊም በዚያው ጥላ ሥር ቆሞ ይጸልያል።

ታዲያ ደጃፉ የት ነው? ጅዳ ውስጥ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የኮሚኒቲውም ትምህርት ቤት አለ። ትምህርት ቤት ማለት መምህራን፣ ሰሌዳ፣ ወንበርና ግቢ ማለት ነው። በሳዑዲ ለሕዝብ ስብሰባ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቆንስላው ወይም በትምህርት ቤቱ ግቢ በሕጋዊ መንገድ የሚደረግ ዝግጅት ግን መንገዱ የታወቀ ነው። አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ማኅበር፣ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሐሙስ ማታን በወር አንድ ጊዜ ለዚህ ማዋል ነው።

አንዱ ምሽት የክራርና የድምፅ ይሁን። ሁለተኛው የቀይ ባሕርና የአፋር፤ ስለ ስንጥቁ የሚናገር የጂኦሎጂ ምሁር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቪዲዮ ይግባ፣ ከእርሱ በኋላ የአፋርና የወሎ ዘፈን ይቀጥል። ሦስተኛው በግንቦት አጋማሽ ስለ ቂብላና ስለ ጥላ ይሁን፤ ድቤውና መንዙማው ይከተል። አራተኛው፣ በ2019 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ ሙሉ በሙሉ ለግርዶሹ ይዋል፤ ለሚመጣው ሁሉ መነጽር ይታደል። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ያለቀበት፣ እንደ እ.ኤ.አ. 2013 እና 2014ቱ የጅምላ መባረር ዓይነት ፍርሃት ገና ከልቡ ያልወጣ ወገን ወደ ግቢው ላይመጣ ይችላል። ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በእነዚያ ወራት ተመልሰዋልና ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለእርሱ ንግግሩ በአጭሩ ተቀርጾ በስልክ ይድረሰው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በአፋርኛ። የቤት ሠራተኛዋም ከኩሽናው ሆና ትስማው።

ለቆንስላው፣ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ፣ በጅዳና በመካ ለምትኖሩ መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ ሐኪሞች፣ ክራር ደርዳሪዎችና መንዙማ አቅራቢዎች የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ሐሙስ ቀን ቁረጡ፣ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ተናጋሪውንና ዘፋኙን አሁኑኑ አነጋግሩ። የግርዶሽ መነጽር ቀኑ ሲቃረብ ከገበያ ይጠፋልና ግዢውን ከወዲሁ አድርጉ።